ሌባሻይ ዩኒፎርም ለብሶ እንዳይመለስ

ለመሆኑ ሰው ሲዋሽ በምን ይታወቃል? ይህን ጥያቄ ለጓደኛችሁ፣ ለመምህራችሁ ወይም ለእናታችሁ ብታቀርቡ የምታገኙት መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። «ዓይንህን አያይም»፣ «ይቁነጠነጣል»፣ «ይንተባተባል»፣ «ላብ በላብ ይሆናል» ይሏችኋል። ይህ የኛ አገር ሰው እምነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት በ58 አገሮች የሚኖሩ ሰዎችን ይህንኑ ጠይቆ ነበር። ከሦስት ሰዎች ሁለቱ ያህል «ውሸታም ዓይን ለዓይን አያይም» የሚል መልስ ሰጥተዋል። ዓለም በስንት ነገር ሲጣላ በዚህ ግን ተስማምቷል ማለት ነው።

ችግሩ ዓለም የተስማማበት ሁሉ እውነት አለመሆኑ ላይ ነው። ጓደኛችን ሳይዋሸን «ዋሸኸን» ብለን ብንሳሳት ቢበዛ ተኳርፈን እንታረቃለን። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ቃል የሚቀበል መርማሪ በዚሁ እምነት ሲሳሳት ግን ያልሠረቀ ሰው ይታሰራል፤ የሠረቀው ደግሞ ገበያ መሀል ይንሸራሸራል። ስለዚህ «መርማሪ ፖሊሶች ውሸትን እንዲለዩ ይሠልጥኑ» የሚል ሐሳብ ሲነሳ ደስ ቢለን አይገርምም። እኔም ስልጠናውን እደግፋለሁ። ሆኖም «የትኛውን ስልጠና?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ፊት ማንበብን የሚያስተምር ከሆነ ቢቀርብን ይሻላል ባይ ነኝ። መጠየቅን፣ መስማትን፣ የተሰማውን ማጣራትንና በትክክል መመዝገብን የሚያስተምር ከሆነ ግን ነገ ሳይባል ዛሬ ይጀመር።

ከፊት ንባብ በፊት የነበረው

ውሸታምንና ሌባን ከሰው መሀል ነጥሎ የማውጣት ጥበብ ለኛ አገር እንግዳ አይደለም። ሌባሻይ የሚባለውን ታሪክ ያልሰማ ካለ አያቶቹን ይጠይቅ። ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ ይመጣል፤ የተቀመመ ነገር ይጠጣል፣ ይጨሳል፣ ራሱን ይስታል። ከዚያ ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ እየተያዘ በሰፈሩ ውስጥ ይሮጣል፣ ይድሃል። ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባው እሱ ነው» ይባልና ይከፍላል። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር አዲስ አበባ ውስጥ ሳይቀር ይሠራበት ነበር፤ ኋላ ላይ ነው መንግሥት የከለከለው።

ሌላው ደግሞ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው። ወንጀል ሲፈጸም ያገሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስም ወደ ቤቱ አይመለስም። እርሻው ይጠብቃል፣ ከብቱ ይጠማል፣ ሰው ይሰለቻል። በመጨረሻ አንድ ስም ይጠራል። አውጫጭኝ ቢያንስ የሚያውቁ ሰዎችን ቃል ይሰማ ስለነበር ከሌባሻይ ይሻላል። ግን የተጠራው ስም የእውነተኛው ጥፋተኛ ይሁን፣ ወይስ ዘመድ የሌለው የአንድ ምስኪን፣ ማን አጣርቶ ያውቃል?

ዛሬ በሌባሻይ እንስቃለን። ነገር ግን ልብ ብለን እንየው። ሌባሻይ ሰውን የሚጎዳው ልጁ ስለሰከረ ብቻ አልነበረም። ልጁ ወድቆ ከተገኘ በኋላ «ለምን እዚህ ወደቀ? ሌላ ማስረጃ አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው ትልቁ ጉዳት። ምልክቱ ራሱ ፍርድ ሆነ። እንግዲህ አንድ መርማሪ የተጠርጣሪውን ዓይን አይቶ «ይሄ ሰውዬ ይዋሻል፣ በቃ» ካለና ከዚያ በኋላ ሌላውን መንገድ ሁሉ ከዘጋ፣ ከገመዱና ከጭሱ በቀር ከሌባሻይ በምን ተለየ?

ጥናቱ ምን ይላል?

ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ቦንድ እና ዴፓውሎ፣ ሰዎች ውሸትን ከእውነት ምን ያህል እንደሚለዩ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱን አሳትመው ነበር። በጥናቶቹ ውስጥ ከ24 ሺህ በላይ ሰዎች ፈራጅ ሆነው ተሳትፈዋል። ውጤቱ ምን ሆነ? በአማካይ ከመቶ 54 ጊዜ ብቻ ነው በትክክል የለዩት። ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ «አንበሳ ወይስ ሰው» ቢባል ከመቶ 50 ይገኛል። ለአራት ነጥብ ብላችሁ ሰው ታስራላችሁ?

«ይሄ ተራ ሰው ነው፤ ፖሊስ ግን ልምድ አለው» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በፖሊሶችና በመሳሰሉት ባለሙያዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች እንደሚያሳዩት ግን ባለሙያዎቹ በአብዛኛው ከተራው ሰው ብዙም አይሻሉም። የሚለዩት በራስ መተማመናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ካሲን እና ፎንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ፖሊስ ዘንድ ታዋቂ በሆነው የምርመራ ዘዴ መሠረት የውሸት ምልክቶችን ለተማሪዎች አስተማሩ። ከዚያ የሠለጠኑትንና ያልሠለጠኑትን አወዳደሩ። የሠለጠኑት ከሌሎቹ የባሰ ተሳሳቱ፤ ነገር ግን «እርግጠኛ ነኝ» በማለት በልጠው ተገኙ። ከዚህ የበለጠ አስፈሪ ነገር የለም። የሚጠራጠር ሰው ሲሳሳት ተመልሶ ያጣራል፤ እርግጠኛ ሆኖ የተሳሳተ ግን ወደ ኋላ አያይም።

ገንዘብ ያላቸው አገሮችም በዚህ ተሸውደዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በአውሮፕላን ማረፊያዎች የመንገደኞችን ሁኔታ እያዩ አደገኛ ሰው የሚለዩ ሠራተኞችን አሠማርታ ነበር። የአገሪቱ የመንግሥት ሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት ለዚህ ሥራ ወደ 900 ሚሊዮን ዶላር መውጣቱን፣ ዘዴው ይሠራል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ ግን አለመገኘቱን ገልጿል። እነሱ 900 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው የተማሩትን ትምህርት እኛ በነፃ መውሰድ እንችላለን።

ዓይን አፋሩና ዓይኑን በጨው የታጠበው

አሁን ነገሩን ወደ ገለጉ ላምጣው። እኔ የማውቀው አገር እሱ ስለሆነ ነው፤ ደግሞም ፊት ማንበብ የማይሠራበት ቦታ ይመረጥ ቢባል ከገለጉ የተሻለ የሚገኝ አይመስለኝም።

ገለጉ የቋራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ቆላ ነው፤ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመረትበታል። ከመተማ እስከ ቋራ ባለው ቆላ በክረምት ለአረም፣ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል። በአካባቢው አማራው፣ ቅማንቱ፣ ጉሙዙ አብሮ ይኖራል፤ ከድንበር ማዶ ከሚመጣው ሱዳናዊ ጋር ደግሞ ዓረብኛ ይነገራል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በመተማ በኩል ብዙ ሰው ተሰዶ መጥቷል። አንድ መርማሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቃል የሚቀበላቸው ሰዎች ከስንት አገር፣ ከስንት ቋንቋና ከስንት ባህል ሊመጡ እንደሚችሉ ገምቱ።

እስቲ «የውሸት ምልክት» የተባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው። ላብ? በገለጉና በመተማ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ። ላብ ምልክት ከሆነ ከተማው በሙሉ ይታሰር! መንቀጥቀጥ? የቆላው ወባ ከደጋ የመጣውን ሠራተኛ ስንቴ እንደሚያንቀጠቅጠው አገር ያውቃል። መንተባተብ? አፉን በፈታበት ቋንቋ ያልተጠየቀ ሰው ቃል ሲፈልግ ይንተባተባል።

ወደ ዓይን ስንመጣ ደግሞ የራሳችን ቋንቋ መርማሪውን ይከራከረዋል። በኛ ባህል ልጅ ከታላቅ፣ ሠራተኛ ከአሠሪ፣ ባላገር ከባለሥልጣን ፊት ሲቆም አንገቱን ይደፋል። ዓይኑን ተክሎ ካየ «ምን ያፈጥብኛል!» ተብሎ ይቆጡታል። እንዲህ ያለውን ጨዋ ሰው «ዓይን አፋር» እንለዋለን። ዓይንህን ትክ ብሎ እያየ የሚቀጥፈውን ግን ምን እንላለን? «ዓይኑን በጨው የታጠበ!» እንላለን። እንግዲህ አባቶቻችን ዓይን አፍጦ የሚዋሽ ሰው መኖሩን አሳምረው ያውቁ ነበር ማለት ነው። ከውጭ የመጣ የስልጠና ወረቀት ይህንን ዕውቀት ገልብጦ ዓይን አፋሩን እስር ቤት፣ ዓይኑን በጨው የታጠበውን ቤቱ እንዳይልክብን እፈራለሁ።

ከ«ይዋሻል» እስከ ዱላ

«ታዲያ ቢሳሳትስ? ፍርድ ቤት አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ አለ። ሕጉም ጥሩ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት እንዳለው፣ ይህም በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው እንደሚገባ ይደነግጋል። በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለውም ይናገራል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ በአንቀጽ 27 ቋንቋውን በደንብ ለማይረዳ ሰው ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት፣ በአንቀጽ 31 ደግሞ ፖሊስ በማባበል፣ በማስፈራራት፣ በተስፋ ወይም በሌላ ተገቢ ባልሆነ ዘዴ እንዳይጠቀም አዟል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 እንዲህ የሚያደርግ የመንግሥት ሠራተኛ እንደሚቀጣ ይገልጻል።

ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ለምን ይጣሳል? አንዳንዱ ክፋት ነው። ማዕከላዊ በመባል ይታወቅ የነበረውን የአዲስ አበባ የምርመራ ማዕከል እናስታውስ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 ባወጣው ሪፖርት በዚያ የታሰሩ ሰዎች የእምነት ቃል እንዲሰጡ ይደበደቡ እንደነበር አስነብቧል። ማዕከሉ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል። በኔ እምነት ግን ከክፋት ሌላ አንድ ምክንያት አለ፤ እሱም በክፉ ሰዎች ብቻ የሚወሰን አይደለም። መርማሪው ገና ከመጀመሪያው «ይዋሻል» ብሎ ከወሰነ፣ ከዚያ በኋላ የተጠርጣሪው «አላደረግኩም» የሚል ቃል ሁሉ ሌላ ውሸት ሆኖ ይሰማዋል። ዝም ካለ «የሚደብቀው አለው» ነው፤ ካለቀሰ «ማስመሰል» ነው፤ ከተቆጣ «ተነቃብኝ ብሎ» ነው። እንዲህ ላሰበ ሰው ማስፈራራትና ዱላ «እውነቱን ማውጫ» መስለው ይታዩታል። ስለዚህ የተሳሳተ የውሸት መለያ ስልጠና ቀጥታ ዱላ ባያስተምርም ወደ ዱላው የሚያደርስ መንገድ ይጠርጋል።

ሰው ያላደረገውን አደረግሁ ይላል ወይ? ይላል እንጂ! እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1974 በጊልፎርድ ከተማ መጠጥ ቤቶች ላይ ቦምብ ፈንድቶ ሰዎች ሞቱ። አራት ወጣቶች ፖሊስ ዘንድ በሰጡት የእምነት ቃል ተፈርዶባቸው ከታሰሩ በኋላ ፍርዱ ስህተት መሆኑ ታውቆ በ1989 ተፈቱ፤ አሥራ አምስት ዓመት መሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በዲኤንኤ ምርመራ ንጽሕናቸው ከተረጋገጠላቸው ሰዎች መካከል ከአራቱ አንዱ ያህል ሐሰተኛ የእምነት ቃል የተገኘበት ነው። ዕድሜውን በእስር የጨረሰ ሰው «ይቅርታ፣ ፊትህ የዋሸህ መስሎን ነው» ቢባል ምን ይጠቅመዋል?

ታዲያ ምን ይሠልጥኑ?

እንግሊዞች ከነዚህ ስህተቶች ተምረው እ.ኤ.አ. በ1992 «ፒስ» የተባለ የቃል አቀባበል ስልጠና ለፖሊሶቻቸው መስጠት ጀመሩ። ይዘቱ ቀላል ነው። አስቀድሞ መዘጋጀት፣ ከሰውየው ጋር በአግባቡ ተዋውቆ ነገሩን ማስረዳት፣ የራሱን ታሪክ ሳያቋርጡ ማስነገር፣ በሥርዓት መዝጋት፣ በመጨረሻም የተገኘውን ቃልና የራስን ሥራ መገምገም። ግቡ የእምነት ቃል ማውጣት መሆኑ ቀርቶ ትክክለኛና የተሟላ መረጃ ማግኘት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውና የሜንዴዝ መርሆዎች በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ ሰነድም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው።

«ይሄ ለስላሳነት ነው፤ ሌባ በጨዋ ጥያቄ አይያዝም» የሚል ካለ የስዊድኑን ጥናት ይስማ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው በዚህ ጥናት 82 የፖሊስ ሠልጣኞች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ በእጃቸው ያለውን ማስረጃ መቼና እንዴት ማውጣት እንዳለባቸው ተማሩ፤ ግማሾቹ አልተማሩም። ያልተማሩት ከመቶ 56 ያህል ሲለዩ የተማሩት ከመቶ 85 ለዩ። ልዩነቱን ያመጣው የጥያቄው ቅደም ተከተል እንጂ የተጠርጣሪው ዓይን አልነበረም።

ይህ በገለጉ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል በምሳሌ ላሳያችሁ። ታሪኩ የፈጠራ ነው። ከአንድ የሰሊጥ እርሻ መጋዘን ገንዘብ ጠፋ እንበል። አንድ የቀን ሠራተኛ ማታ መጋዘኑ ውስጥ ሲገባ ያየ ሰው አለ። የተለመደው አጠያየቅ እንዲህ ይሆናል።

«አንተ! ትናንት ማታ መጋዘን ስትገባ ታይተሃል። ለምን ገባህ?»

«ጆንያ ላመጣ ነው፣ ጌታዬ።»

አሁን መርማሪው ምን አወቀ? ምንም። ንጹሑም ይህንኑ ይላል፤ ሌባውም ማስረጃው ስለተነገረው ይህንኑ ፈጥሮ ይላል። ከዚህ በኋላ የቀረው ፊቱን ማየትና መገመት ነው። በሌላው መንገድ ግን መርማሪው መጀመሪያ መብቱን ይነግረውና እንዲህ ይለዋል።

«ወንድሜ፣ መናገር ካልፈለግህ አትገደድም። ፈቃደኛ ከሆንክ ግን ትናንት ከሥራ ከወጣህ ጀምሮ እስክትተኛ ድረስ ያደረግኸውን ሁሉ ንገረኝ። ጊዜ አለን፤ አላቋርጥህም።»

ጆንያ ሊያመጣ የገባው ሰው የሚደብቀው ስለሌለ መጋዘኑን በራሱ ጊዜ ሊያነሳው ይችላል። የሠረቀው ደግሞ ፖሊስ ምን እንደሚያውቅ ስለማያውቅ መጋዘኑን መዝለል ይቀናዋል። መርማሪው ቀስ ብሎ «ጆንያ የት ይቀመጣል? ትናንት ወደዚያ ሄደህ ነበር? ከማን ጋር?» እያለ ይጠጋል። ማስረጃውን የሚያወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሚመዘነውም ቃሉ ከማስረጃው ጋር መግጠሙና አለመግጠሙ ይሆናል። ባይገጥምም እንኳ ፍርድ አይደለም፤ ሰው ይረሳል፣ በሌላ ምክንያትም ይፈራል። ስለዚህ ተነስቶ ሄዶ ካቦውን መጠየቅ፣ ጆንያውን ማየት፣ አብረውት ያደሩትን ማነጋገር ያስፈልጋል። የኛ ሰው «ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላል። ውሸት የሚቀለው ግን የሚያጣራው ሲኖር ነው፤ ማንም ካልነካው እንደከበደ ይኖራል።

በቆላው ደግሞ ለዚህ ሥራ ያለው ጊዜ አጭር ነው። በኅዳር ምስክር የሆነው አጫጅ በታኅሣሥ ደመወዙን ተቀብሎ አገሩ ሄዷል። መዝገቡ ፍርድ ቤት ሲደርስ በእጅ የሚቀረው ያኔ የተጻፈው ቃል ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ በሆነበት አገር ነው ቃል አቀባበል ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለበት። ሰውየው የተናገረው ራሱ ቃሉ መጻፍ አለበት፤ ጥያቄውም አብሮ መጻፍ አለበት። ጉሙዝኛ ወይም ዓረብኛ ለሚናገር ሰው በመንገድ የተገኘ መንገደኛ ሳይሆን በትክክል የሚያስተረጉም ሰው ሊቀርብለት ይገባል።

«ጊዜው ነው እንዴ?»

ይህን ጉዳይ ሳነሳ ሁለት መቃወሚያዎች ይመጣሉ። አንደኛው «ይህ የሀብታም አገር ነገር ነው፤ ካሜራ የለን፣ መብራት ይጠፋል» የሚል ነው። እውነት ነው፣ የምርመራ ክፍል ሁሉ ቪዲዮ ቢኖረው መልካም ነበር። ነገር ግን «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» ብሎ መጠየቅ ስንት ብር ያስወጣል? አለማቋረጥስ መብራት ይፈልጋል? በየኪሳችን ያለው ሞባይል እኮ ድምፅ ይቀዳል። ሰንዳፋ የሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲም ሆነ የክልሉ ፖሊስ ይህንን ለማስተማር ከውጭ ማሽን ማስመጣት አያስፈልጋቸውም።

ሁለተኛው ከባድ ነው። «ሰው እየታገተ፣ ገንዘብ እየተጠየቀበት፣ መንገድ እየተዘጋ ስለ ተጠርጣሪ መብት ታወራለህ?» ይላሉ። በምዕራብ ጎንደር እገታ ቤተሰብን ምን እንዳደረገ ለሚያውቅ ሰው ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ላይ ሲጨመርበት ፖሊስም ሕዝቡም ተጨንቋል። ግን ልጇ የታገተባት እናት የምትፈልገው ማንም ይሁን ማን «አዎ፣ እኔ ነኝ» እንዲል ነው? የምትፈልገው ልጇ እንዲመለስላትና አጋቹ እንዲያዝ ነው። የተሳሳተው ሰው ተይዞ መዝገቡ በተዘጋ ጊዜ እውነተኛው አጋች ሌላ ልጅ ለመያዝ ጊዜ አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ ቃል አቀባበል ለተበዳዩም መከታ ነው። በዚያ ላይ አንድ ጊዜ ያለ ጥፋቱ የተንገላታ ሰው፣ ነገ የሚያውቀውን ነገር ለፖሊስ ሊናገር ይመጣል ብላችሁ ነው?

እኛስ?

ይህ ጽሑፍ በጋዜጠኝነት ተማሪዎች መጽሔት ላይ የሚወጣ እንደመሆኑ የራሳችንን ጉድ ሳልነካ ባልፍ አድሏዊ እሆናለሁ። ፖሊስ የእምነት ቃል የሚወደው አንዱ ምክንያት እኛም ስለምንወደው ነው። «ተጠርጣሪው ጥፋቱን አምኗል» የሚል ዜና ያጓጓል። በ2004 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተላለፈው «አኬልዳማ»፣ በ2005 ዓ.ም. ጥር ላይም የተላለፈው «ጀሃዳዊ ሐረካት» ፍርድ ቤት ገና ውሳኔ ባልሰጠባቸው ታሳሪዎች ላይ የተሠሩ ነበሩ። ተመልካቹ ቤቱ ቁጭ ብሎ ፊታቸውን እያየ ፈረደ። እዚህ ላይ ጋዜጠኛው ራሱ ሌባሻዩን ገመዱን ይዞ የሚከተል ሰው ሆነ እንጂ ምን ሆነ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በክርክሩ ሒደት እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት ሰጥቶታል። እኛ ተመርቀን ስንወጣ ፖሊስ «አምኗል» ሲለን ቢያንስ አራት ነገር መጠየቅ አለብን። በየትኛው ቋንቋ ተጠየቀ? መብቱ ተነግሮታል? ፍርድ ቤት ቀርቧል? ከቃሉ ሌላ ምን ማስረጃ ተገኘ? ይህን ጥያቄ ደጋግሞ የሚሰማ መርማሪ የእምነት ቃል ብቻ ይዞ መምጣት እንደማያዋጣው ይማራል።

ለማጠቃለል ያህል፣ የምዕራብ ጎንደርም ሆነ የሌላው አካባቢ መርማሪ ፖሊሶች ስልጠና ይገባቸዋል። ሥራቸው ከባድ ነው፤ በሙቀት፣ በሥጋት፣ በጥቂት ደመወዝ ይሠራሉ። በዚህ ላይ የማይሠራ ነገር አስተምረናቸው እርግጠኛ ሆነው እንዲሳሳቱ ማድረግ እነሱንም መበደል ነው። ከስልጠናው ወረቀት ላይ የዓይኑ፣ የላቡና የመቁነጥነጡ ዝርዝር ይውጣ። በምትኩ ጥያቄ ማዘጋጀት፣ ሳያቋርጡ መስማት፣ ማስረጃን በጊዜው ማውጣት፣ በአስተርጓሚ መሥራትና ቃልን እንደተነገረ መጻፍ ይግባበት። ስልጠናው ሠርቷል አልሠራም የሚባለውም ስንት ሰው አመነ ተብሎ ሳይሆን፣ ስንቱ መዝገብ ከቃል ውጭ በሆነ ማስረጃ ተደግፎ ፍርድ ቤት ቀረበ ተብሎ ይቆጠር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እስኪጠራ ድረስ ግን በመሀል የሚታሰር ሰው አለ። ሌሊቱን ማሳጠር የኛም የነሱም ሥራ ነው።